ከመሬት እስከ እጅዎ

ይድረስ ለአባባ፣ ከትንሿ ልጅዎ፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ዓይንዎ እንዴት ነው? የእጅዎ አንጓ እብጠቱ ጎደለ ወይስ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይጠዘጥዝዎታል? ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ጉልበትዎስ? ይህን ሁሉ በስልክ እንዳልጠይቅዎ፣ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ደህና ዋይ» ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋምና በወረቀት መጣሁብዎ። እኔ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ካኮረፉኝ ወዲህ ምግብም አይጥመኝ።

ፊደሉ ለምን እንዲህ እንደገዘፈ ይገርምዎት ይሆናል። የጻፍኩት በወፍራም ጥቁር ማርከር፣ ተማሪዎቼ ንድፍ ሠርተውበት በተረፈ ትልልቅ ወረቀት ላይ ነው። ድሮ ደብዳቤዬን የሚያነብልዎ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊው ነበር፤ እሱን ደግሞ በእኔ ጦስ ከደጅዎ አባረሩት። ስለዚህ በቀን ብርሃን በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ወረቀቱን ወደሚያይልዎ ጎን አዘንብለው፣ ቀስ እያሉ ራስዎ ያንብቡት ብዬ ነው። በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ብቻ ስለሚገባ ደብዳቤው እንደ ፍራሽ ወፈረ። ወረቀት አባከንሽ ብለው እንዳይቆጡኝ። ጀርባውን ካዩት የወንበር ንድፍ አለበት፤ አብዛኞቹ ከወንበር ይልቅ ለመሰላል ይቀርባሉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልዎ። ቤትዎን የሸጠው የለም፤ ሊሸጠው ያሰበም የለም። ልብስ ሰፊው በጓሮ በር አጎንብሶ ሜትር የዘረጋው ገዢ ተገኝቶ አይደለም። ለካልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዳትነግራቸው ያልኩትም እኔው ነኝ። እሱ ምስኪን ውሸት አይችልበትም፤ ምን ትሠራለህ ሲሉት «ልጅዎ ቤቱን ለካ ብላኝ ነው» ብሎ እርፍ አለ። እርስዎም ታላቋ ልጅዎ እትዬ ወደ እሷ ቤት ልትወስድዎ ማሰቧን ያውቃሉ፤ ሁለቱን ሲደምሩት ሌላ ምን ይሆናል? በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ከዘራ ነበር የማነሳው።

ያን ቀን በጓሮው ደረጃ ላይ ከወደቁ በኋላ እትዬ ደውላልኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ አንዱን ክፍል እንዳጸዳችልዎ፣ አልጋውን መስኮት ሥር እንዳደረገችው፣ እርስዎ ግን «ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ብለው እንደመለሷት ነገረችኝ። በአንቺ አንጀታቸው አይጨክንም፣ ጻፊላቸውና አሳምኛቸው አለችኝ። እሺ አልኳት። ደብዳቤውንም ጀምሬው ነበር፤ ከሰላምታው አልፎ አልሄደልኝም እንጂ።

በዚያው ሰሞን አስረኛ ክፍሎችን ወንበር አሠራቸው ነበር። ሥዕልና ዲዛይን አስተምራለሁ ባልኩ ቁጥር «ቆይ፣ ለመሳል ደመወዝ ይከፍሉሻል?» እያሉ ይስቁብኛል። መሳሉ እንዳለ ሆኖ፣ ግማሹ ሥራችን ስለ ዕቃ ማሰብ ነው። የስኒው ጆሮ ስንት ጣት ያስገባ? ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው እንዲቆይ ነው የምንፈልገው ወይስ ቶሎ እንዲነሳ? ልጆቹ የነደፉት ወንበር ግን ለማንም የሚሆን አልነበረም። ለማን ነው ስላቸው «ለሰው» ይሉኛል። ለየትኛው ሰው? «ለማንኛውም»። ለሁሉም የተሰፋ ልብስ ለማንም ልክ አይሆንም አልኳቸው፤ ይህችን እንኳ የሰማኋት ከጎረቤትዎ ነው። አንድ ሰው ምረጡ፣ ስሙን ተዉትና ጉልበቱን እወቁ አልኩ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «አንቺው ምረጪልና» አለኝ።

አባቴ አልኩ፣ ሳላስበው። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ዓይናቸው ትልልቁን ነገር ብቻ የሚለይላቸው፣ ወደ ጓሯቸው ለመውረድ የሚቸገሩ፣ ከቤታቸው ደግሞ ንቅንቅ የማይሉ አባት አሉኝ፤ ወንበሩን ተዉትና እሳቸው ከቤታቸው ሳይወጡ እንዲኖሩ የሚረዳ ነገር አስቡ አልኳቸው። በሰው ፊት ስለተናገርኩብዎ ይቅር ይበሉኝ። ካሉ በኋላ መመለስ የለም፤ ክፍሉ ሁሉ እርሳሱን አነሳ።

ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ሜትሮ የምንላት አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ሳታደርግ ከቤቷ አትወጣም፣ ያልለካችው ነገር አይዋጥላትም። በሩን በየትኛው እጃቸው ይከፍታሉ? ሲወርዱ እጃቸው ባዶ ነው ወይስ ጆግ ይይዛሉ? የሚቀድመው የትኛው እግራቸው ነው? ዝናብ ሲሆን ድንጋዩ ያዳልጣል? ሁሉንም መለስኩላት። አባባ፣ ምን ያህል እንደኮራሁ አልነግርዎትም። የቤታችንን ጓሮ እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የደረጃው ድንጋይ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል አልኩ። የበሩ መወርወሪያ ከራሴ በላይ ነው አልኩ። ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብንሠራላቸው እጃቸው የት ጋ ያርፋል ስትለኝ ብድግ አልኩና እጄን ከጆሮዬ ጎን አድርጌ እዚህ ጋ አልኳት። ለካችው፣ ጻፈችው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጓሮዎን በቁመቱ ልክ ሠሩት። ዴስኩን ሁሉ ወደ ዳር ገፍተው፣ ፍሪጅ የመጣበትን ካርቶን ከየሱቁ ለምነው፣ በፕላስተር እያያያዙ ደረጃውን ካቡ፤ በሩን ደግሞ በጠመኔ የኋላው ግድግዳ ላይ ሳሉት። ሲያልቅ ሁሉም ራቅ ብሎ አየው። ደረጃውን ልውረድ ያለው ልጅ መዝለል ነበረበት። በሩን ለመክፈት ወንበር ላይ መቆም ያስፈልጋል። ሜትሮ አንዴ ወረቀቷን፣ አንዴ ግድግዳውን አየችና «ቲቸር፣ እጃቸው እዚህ ጋ ከሆነ ጭንቅላታቸው ጣሪያው ውስጥ ይገባል እኮ» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «አውቶቡሱን ተሸክመውት ነበር እንዴ የሚሄዱት?» አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሜትሮ አልሳቀችም። «ቲቸር፣ ከዚያ ቤት ስትወጪ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ። ሰባት ሳይሞላኝ ነው አልኳት። ነገሩን አላበዛችውም። ሄዳ ካርቶኑ ደረጃ አጠገብ ተንበረከከች፣ ቀና ብላ በሩን አየች፣ ከዚያ እጇን ወደ ላይ ሰደደችና ምልክት ያደረግንበትን ቦታ ነካች። «ከዚህ ሲታይ ልክ ነው» አለች። እኔ ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

እማዬ ስትሞት እርስዎ ረጅም መስመር ላይ ነበሩ፤ ሄደው ያድራሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። እትዬ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ትንሿን ማን ይያዝ? ወደ አክስቴ ላኩኝ፤ ደግ አደረጉ፣ እሷም ከልጆቿ ሳትለይ አሳደገችኝ። በዚህ አንድም ቀን አዝኜብዎ አላውቅም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስመጣ እንግዳ ነኝ። ሳሎን ታስቀምጡኛላችሁ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ስነሳ «ቁጭ በይ፣ መንገድ ነው የዋልሽው» ትሉኛላችሁ። ጓሮውን ስንት ዓመት ሙሉ በመስኮት ብቻ አየሁት። እኔ የማውቀው ደረጃ ያኔ ጠዋት ጠዋት ፊትዎን ሊታጠቡ ሲወርዱ እጅዎን ይዤ የምወርደውን ነው። «ትርፍ ሰው መጫን ክልክል ነው፣ አንቺ ግን ነይ» ይሉኝ ነበር። ትርፍ የሚል ስም ያወጡልኝ እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ለዲዛይን አስተማሪ የአባቷን ቤት ልክ አለማወቅ ትልቅ ውርደት ነው፤ ፊት የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ይሄ ነው። ዓይኔ እንባ ያቀረረው ግን ለውርደቱ አልነበረም። እጅዎ ናፍቆኝ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛውን ልክ ከየት ላምጣ? ከክፍል እንደወጣሁ ኮሪደር ላይ ቆሜ ልብስ ሰፊው ጋ ደወልኩ። ሥራው ሲያልቅ ላስደስትዎ ብዬ በምስጢር ያዘው አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደረጃው የእርስዎ፣ የሚወርድበት እግር የእርስዎ፤ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ ደግሞ እርስዎን ነበር። ለልጆቹ ቀን ከሌት የምለፈልፈው ይህንኑ ነው፣ የምትሠሩለትን ሰው ጠይቁት እያልኩ።

ማኩረፍዎን ለልጆቹ ልደብቃቸው አልቻልኩም። ልኩ የታለ፣ ልኩ የታለ እያሉ መግቢያ መውጫ ሲያሳጡኝ ነገርኳቸው። ሜትሮ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር እያሻሸች «ራሳቸው ለምን አይለኩትም?» አለች። ቁጥሩ አይታያቸውም አልኳት። «ታዲያ በጣት የሚነበብ እንሥራላቸዋ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ቋጠሮ የተነሳው ክርክር አይጣል ነው። ትንሹ ቋጠሮ ምን ያህል ይነስ? ጣት ቶሎ የሚለየው ድርቡን ነው ወይስ ነጠላውን? በመጨረሻ ሁሉም ዓይኑን በሻርፕ አስሮ መሞከር አለበት ተባለ። ዳይሬክተሩ ድንገት ሲመጣ ዓይናቸው የታሰረ ልጆች ግድግዳ እየዳበሱ ኮሪደሩን ሞልተውታል። ምን ክፍለ ጊዜ ነው ብሎ ሲጠይቅ አንዱ እንደታሰረ «ሥዕል» አለው። ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ፣ እነሱን አየ፣ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

እኔም በተራዬ ታስሬ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ወረድኩ። አባባ፣ እስከዛሬ «ቀስ ብለው ይውረዱ» እያልኩ እመክርዎ ነበር፤ ምን ስናገር እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። የሚያስፈራው የመጀመሪያው አይደለም። የመጨረሻው ነው። አለቀ ብዬ እግሬን ሳስቀምጥ አንድ ቀርቶ ኖሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። እርስዎም የወደቁት እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ እትዬ በስልክ «ደረጃውን ጨርሰው እኮ ነበር» እያለች ስታለቅስ ያኔ ነገሩ አልታየኝም ነበር። ስለዚህ የምንሠራው መደገፊያ ደረጃው ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፤ እስከ ውሃ ቧንቧው ይዘልቃል። የመጨረሻው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ጣትዎ የሚያገኛት አንዲት ጉብታ ትኖረዋለች። ልጆቹ «ወራጅ አለ» ብለው ሰይመዋታል።

እትዬን በተመለከተ፣ ያን ደብዳቤ አልጽፍም አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለችኝ። ቀጥላ አለቀሰች። አባባ፣ ከመሬት ያነሳችዎ እሷ ናት፤ እስካሁን ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። እኔ ሩቅ ሆኜ ካርቶን ስቆርጥ እሷ መድኃኒትዎን ይዛ ትመላለሳለች። አይፍረዱባት። እንደምንም ብላ ትምህርት እስኪዘጋ ልትታገሰኝ እሺ ብላለች። እኔም የማልችለውን ቃል አልገባልዎትም። መደገፊያው ተሠርቶ እንደገና ከወደቁ፣ ወይም ዓይንዎ ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ያኔ በሩንም ስልኩንም አይዘጉብን። እስከዚያው ግን በቤትዎ፣ በደረጃዎ፣ በጓሮዎ እንዲኖሩ የምችለውን አደርጋለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ እንጨቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣል፤ ይዤው የምመጣው እኔ ነኝ። አናጢ እስኪገኝ ጫፉን እኔ እይዛለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሳሎን አልቀመጥም፤ ቁጭ በይ ቢሉኝም አልሰማዎትም።

ለእትዬ እጇን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ስትመጣ ደግሞ ቀድመው ያናግሯት፣ ለአባት አያሳፍርም። ባለቤቷን ስለ ትዕግሥቱ ያመስግኑልኝ። ልጆቿን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ትልቁ መሳል ጀምሯል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ላጲስ አይስጡት፣ ያበላሸውን ይየው። ከእርስዎ ጋር ስንት አገር ያቆራረጠው ረዳትዎ ሊጠይቅዎ ከመጣ ሰላም ይበሉልኝ፤ ያኔ ከጋቢናው መስኮት የሚያቀብለኝን ከረሜላ አልረሳሁም። አጥር ላይ የምትተኛዋን ድመት እንኳ ደህና ናት ወይ ብያለሁ። ልብስ ሰፊውን ደግሞ ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ የሚጠይቁበትም ምክንያት አሁን እነግርዎታለሁ።

በጥቅሉ ውስጥ ያገኙት ገመድ የልጆቹ ሜትር ነው። ነጠላዋ ቋጠሮ ትንሿ ልክ ናት፤ አስር ሲሞላ ድርብ ቋጠሮ ያገኛሉ። ቋጠሮዎቹን ቆጥረው በስልክ ይነግሩኛል፣ ማለትም ስልኩን ማንሳት ግድ ይሆንብዎታል። ሦስት ነገር ብቻ ነው የምንፈልገው። የመጀመሪያው የእያንዳንዱ ድንጋይ ከፍታ ነው፤ ቁጭ ብለው በእጅዎ ይለኩታል፣ ማንንም አይፈልጉም። ሁለተኛው ከበሩ እስከ ቧንቧው ያለው ርዝመት ነው፤ ይህንንም ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ይችሉታል።

ሦስተኛውን ግን ብቻዎን አይችሉትም። ከመሬት እስከ መዳፍዎ ነው። ራስዎ ልለካ ብለው ካጎነበሱ እጅዎም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊውን መጥራት አለብዎት። የሰው ቁመት ሲለካ የኖረ ሰው ነው፣ ቂምም አያውቅም። ጫማዎን አድርገው የደረጃው አናት ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ሌላው እጅዎ በሩን ይያዝ። የሚለካውን እጅ አያንሱት፣ አይዘርጉትም፤ ያኔ ጠዋት ጠዋት ትርፍን ይዘው ሲወርዱ እንደነበረው ዝም ብለው ይልቀቁት። እሱ ከመሬት እስከዚያ ይቁጠር። ቁጥሩ እኔ ለልጆቹ ካሳየሁት በብዙ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ቦታው ያው አንድ ነው። እንጨቱን እዚያ ላይ እናደርገዋለን። እኔ ይዤው እወርድ የነበረውን፣ ከእንግዲህ እርስዎ ይዘውት ይወርዳሉ።

ልጅዎ ትርፍ

ከሥዕል ክፍሉ፣ ከካርቶኑ ደረጃ ሥር ተቀምጬ
ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን